የባዕድ እጅ ያነሣው ጆንያ

ነሐሴ 14፣ ጠዋት

«ደሴቲቱን ከዓባይ ሙላት የጠበቋት የገዛ ልጆቿ ብቻ ናቸው። የባዕድ እጅ አንዲት ጆንያ አፈር አላነሣላትም።»

ቃል በቃል። ከዐረብኛው የመለስኩት እኔ ነኝ፤ አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም። ካርቱም አጠገብ ዓባይ መሃል ስላለችው የቱቲ ደሴት ታሪክ ሊታተም ከተዘጋጀ መጽሐፍ ረቂቅ ነው። ገጹን በስልኳ አንሥታ የላከችልኝ ሐያት ናት፣ የሟቹ ወንድሜ የከድር ልጅ። ደሴቲቱ ላይ ተወልዳ እዚያው ት/ቤት ታስተምራለች። ከሥሩ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፦ «አጎቴ፣ አባቴ ባዕድ ነው? እኔስ?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ባለ ሦስት እግሩ ሪክሻ ደጅ ላይ ጡሩንባውን ይነፋል። ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ ከተማ፣ ወደ ውኃ ፓምፖቼ ሥራ።

ያው ቀን፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ በሠራተኞቹ ላይ ስጮህ ዋልኩ። ያለ ጥፋታቸው።

ማስታወሻዬ፣ አንተ እንኳ በትክክል ያዘው። ከድር ከወሎ መጥቶ ቱቲ የሎሚ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። ውኃው በሞላበት ክረምት ተርሱ፣ ማለት የዳርቻው የአፈር ግድብ፣ ተሰነጠቀ። ጆንያ ተሸክሞ ወረደ። አፈሩ ከነጆንያው ይዞት ሄደ። የደሴቲቱ ሰዎች አስከሬኑን አውጥተው፣ አጥበው፣ ከዘመዶቻቸው ጎን ቀበሩት። ሐያት ጡት አልጣለችም ነበር።

ባዕድ!

ነሐሴ 17

ኡስታዝ ሲዲቅ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ መምህር፣ የመጽሐፉ አዘጋጅ። አክብሮ ተቀበለኝ፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀረበ፣ ሽማግሌዎች ከበቡን። ነገሩን አስረዳሁ። ፈገግ አለ፦

«አንተ ሙሐንዲስ፣ ይሄ የቤተሰቦች ታሪክ ነው። የቀን ሠራተኛ ሁሉ ከገባበት መጽሐፉን በሎንቺና ልንጭነው ነው!»

ሳቁ። እሺ፣ ስሙን ተወው፣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰርዝ አልኩት። «ኢንሻአላህ» አለ። ካርቱም ያረጀ ሰው ይህችን ኢንሻአላህ ያውቃታል። እምቢ ማለት ናት።

አለማወቅ ቢሆን ይቅር እል ነበር። ግን የከድርን ቃሬዛ በፊት በኩል የተሸከመው ሲዲቅ ራሱ ነው። በዓይኔ ያየሁትን!

ነሐሴ 25

ዓባይ እየሞላ ነው። ሐያት ሁለቴ ደወለች። በየዓመቱ ለሙላቱ ፓምፖቼን ይዤ ወደ ሌላኛው ዳርቻ እሄድ ነበር፣ ዘንድሮ አልሄድም አልኳት። ደሴቲቱን የገዛ ልጆቿ ይጠብቋት።

 «እኔ ግን ወደ ተርሱ እወርዳለሁ» አለች።

ነሐሴ 26

ሄድኩ። ለሐያት ስል። ለሌላ ለማንም አይደለም።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ይጣራል። ሲዲቅ ጀላቢያውን ሰብስቦ ወገቡ ላይ አስሮ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ድንገት ጮኸ፦

«ያላ! ወደ ሐበሺው ተርስ! በሐበሺው በኩል እየገባ ነው!»

ማንም የት ነው ብሎ አልጠየቀም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሮጡ፣ ወደ አንድ ቦታ። ከድር ወደ ወደቀበት። ለካ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የሚጠሩት። ሐያት የጆንያ አፍ ከፍታ ይዛልኝ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

አንዱን ጆንያ ከሲዲቅ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን አነሣን። ዓይኔን አላየም። «አላህ ይርሐመው» አለ፣ ለከድር ምሕረት ሲለምን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ተርሱ ውኃውን ያዘ።

ነሐሴ 28

ወገቤ አልነሣ ብሏል። ንዴቴ ግን ደኅና ነው። ወደ ሲዲቅ የሚሄደውን ደብዳቤ እዚህ እገለብጣለሁ፦

«በአፍህ የምትጠራውን በብዕርህ ክደሃል። ‹የባዕድ እጅ› የሚለው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። በቦታው ይህ ይግባ፦ ‹ከወሎ የመጣው ከድር ተርሱን ሲጠብቅ ሞተ፤ ቦታው እስከ ዛሬ በእርሱ ይጠራል። ልጁ የዚህች ደሴት ልጅ ናት።› ኢንሻአላህ አልቀበልም። ይገባል ወይም አይገባም፣ በጽሑፍ፣ ከነፊርማህ፣ እስከ መስከረም 5።»