ስንኝ የማይቀበለው ሣጥን

ይድረስ ለጌታዬ። በሕይወት ሳለህ በስምህ ጠርቼህ አላውቅምና አሁንም አልጀምርም። ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ የምትስቀው በራስህ ነው። ይህን የምጽፍልህ ግን ለጨዋታ አይደለም። ፈርቻለሁ።

ቤቱ እንደተውከው ነው። በክረምቱ ጣራው ቢያፈስ አፈር አስጨመርኩበት። ማሲንቆህ ከግድግዳው ላይ አልወረደም፤ ጭራው ግን ላልቷል። መቀሌን ብታያት ትስታታለህ። ጣልያን ከወጣ ወዲህ የጭነት መኪናው ቀርቶ ግመሉ ብቻ የሚቀር መስሎን ነበር፤ መኪናው ጭራሽ ብሶበት አረፈው።

አንድ ሰኞ ገበያ ጨው ገዝቼ በወይዘሮ ለተብርሃን ጠጅ ቤት ደጃፍ ሳልፍ አንድ የማላውቀው ሰው ስምህን ከነአባትህ ጠራ። ወዲያው ማሲንቆህ ተነሣ፤ አንተም ዘፈንክ። ጨዉን ጥዬ ሮጥኩ። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም፤ ጨዉንም ማን እንዳነሣው አላውቅም።

ለካስ ከአስመራ የመጣ፣ ሸክላ የሚያዘፍን ሣጥን ነው፤ ስምህን የጠራው ሰውም እዚያው ሸክላው ላይ ነው። ትዝ ይልሃል፣ ያ ነጋዴ በመኪና አስመራ ወስዶህ ሸክላ ላይ ያዘፈነህ? ስትመለስ ሳቅህን ማቆም አቅቶህ ነበር። “ለግድግዳ ዘፍኜ መጣሁ፣ ስንኝ የሚሰጠኝ አንድ ሰው እንኳ የለም” አልከኝ። ሳልህን ግን ይዘህ መጣህ። ተስቦው ያኔውኑ ገብቶብህ ኖሯል። በዘፈኑ መካከል አንዲት ትንሽ ሳል አለች፤ ሸክላው በዞረ ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ትስላለህ። እዚያ ልትደርስ ስትል እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ፍትሐትህን አስፈትቻለሁ፤ ተዝካርህንም እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ። ታዲያ ነፍሱ አላረፈችም ይሆን ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። “ብረት ነው ልጄ፣ ምን ነፍስ አለው” አሉኝ። ነገር ግን እሳቸውም በዚያ ደጃፍ ሲያልፉ ሲያማትቡ አይቻቸዋለሁ።

እኔም አላረፍኩም። ሰበብ እየፈለግኩ እዚያ መቆም ጀመርኩ። ውስጥ ያሉትን ሰዎች አያለሁ። በአንተ ጊዜ ያ ቤት ጩኸት ነበር፤ አንዱ ስንኝ ሲወረውር ሌላው ይነጥቀው ነበር። አሁን ሁሉም አፉን ዘግቶ ሣጥን ያያል። ሁለት ባለማሲንቆዎች ደጅ ላይ ተቀምጠው የሚጠራቸው አጥተዋል። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ማታ ማታ በሩን ሳልቀረቅር መተው ጀምሬ ነበር። በእጄ አፈር ያለበስኩህን አንተን እጠብቅ ጀመር።

በዚህ መሐል እናትህ ከላስታ መጡ። መርዶ ለመንገደኛ አይሰጥምና እስካሁን አልነገርናቸውም ነበር። ድምፅህ ቢጠፋባቸው ገበያተኛ ተከትለው፣ በዚያ በፈዘዘ ዓይናቸው፣ በእግራቸው መጡልህ። እኔም አስመራ ለሥራ ሄዷል አልኳቸው። እህል ቀምሰው፣ ድካማቸው ወጥቶላቸው፣ ሽማግሎች ንጋት ላይ መጥተው ሊያረዷቸው ተቀጠረ።

በቀጠሮው ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በጓሮ መንገድ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። እህል የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። በጠጅ ቤቱ በኩል አለፍን።

ፊታቸው ሲበራ ብታይ! “ደበቅሽኝ እንዴ? ልጄ ይኸው አይደለም?” ብለው እጄን እየጎተቱ ገቡ። ሽማግሎቹ ነገ ቢመጡ ማን ያምናቸዋል? ልጃቸውን በጆሯቸው ሰምተዋል። እዚያ ደጃፍ ላይ እየጠበቁህ ሊያረጁ ነው ብዬ ፈራሁ። እናትህ ግን መደብ ላይ ተቀመጡና፣ አንተን ስንኝ እየሰጡ እንዳሳደጉህ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “ተቀበል” አሉህ፦

አገሩን አቋርጬ፣ መጣሁልህ በእግሬ፣
አንዴ አቤት በለኝ፣ አርፌ ልደር ዛሬ።

ሰዉ “እሰይ!” አለ። አንተ የራስህን መዝፈንህን ቀጠልክ። ደግመው ሰጡህ። በቦታህ ሳልክና አለፍክ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ለተብርሃን መጥተው ትከሻቸውን ያዙ። “ኣደይ፣ እናቴ፣ ሣጥን እኮ ነው፣ ውስጡ ሰው የለም” አሏቸው።

“እሱስ ገባኝ” አሉ እናትህ። “ልጄ የተሰጠውን ስንኝ መሬት ጥሎ አያውቅም። ያውም የእኔን።”

ከዚያ ነጠላቸውን ፈትተው ለሐዘን አዘቀዘቁት። ወደ እኔ ዞረው ፊቴን በእጃቸው ዳበሱና፣ እንደማላውቅ ሁሉ፣ ቀስ ብለው አረዱኝ። “አይዞሽ ልጄ። ባልሽ ሞቷል።”

የተቀበርክ ዕለት ያልጮኽኩትን ጩኸት እዚያ ጮኽኩ።

ከዚያ ወዲህ በሩን እቀረቅራለሁ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። ነገ ደግሞ ምን ያመጡ ይሆን? የሞተው ዝም የማይልበት፣ በሕይወት ያለው ዝም ብሎ የሚሰማበት ዘመን ከመጣ ማን ለማን መልስ ይሰጣል? ያ ሸክላ አንድ ዘፈንህን ይዟል፤ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው የለም። ዝናብ ሲጥል ማሲንቆህን በጋቢህ ጠቅልለህ አንተ ብርድ እንደሚመታህ አያውቅም። አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገህ ዘፍነህ እንደማታውቅም አያውቅም። እሱን የምይዝልህ እኔ ነኝ፤ እስክሞት አልጥለውም።

እናትህ እኔው ዘንድ ናቸው። ሲመሽ፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያችን ስንኝ ለራሳቸው ያንጎራጉሯታል። እኔ ዘፈን አላውቅም፤ ድምፄም እንደምታውቀው ነው። ግን “አንዴ አቤት በለኝ” ብለው ሲያበቁ፣ ከጓዳ ሆኜ “አቤት” እላቸዋለሁ።