ውሃ የማይዝ ጫማ

ቆቦ፣ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ እንድሪስ። እንደምን ከረምህ? እኔና እናታችን፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ ከቤቱ የጎደልህ አንተ ብቻ ነህ።

ዘንድሮ ጎርፉ በደህና መጥቶ ማሽላው ጠጥቷል። ጎርፉን ወደ ማሳው ስንመልስ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ቤት ስገባ እናታችን እግሬን አጥባ፣ የጣቶቼን መሃል ሳይቀር አድርቃ ቅቤ ቀባችኝ። «የእሱንስ ማን ያደርቅለታል?» አለች።

ለዘመቻ ስትሄድ የወታደር ከስክስ ጫማ ይሰጥሃል ብለን የጎማ ጫማህን አስቀረንብህ። ምነው ባስያዝንህ! የጎማ ጫማ ክፍት ስለሆነ ውሃ ቢገባው ወዲያው ይፈሳል፣ እግርም ነፋስ ያገኛል። ከስክስ ግን የገባበትን ውሃ ይዞ ይውላል። ወደፊት ባረፋችሁበት ሁሉ አውልቀህ እግርህን አድርቅ፤ አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ!

አብሮህ የዘመተው ሙሄ በፈቃድ ወደ ዋጃ መምጣቱን ሰምቼ ሄጄ ጠየቅሁት። በዝናብ ስትጓዙ ጫማችሁን ሳታወልቁ እንደሰነበታችሁ ነገረኝ። ሐኪም ቤት ተኝተህ አይቶህ እንደመጣም ነገረኝ። «እግሩን አሞት ነው?» ስለው ስለ ማሽላው ይጠይቀኝ ጀመር። ለእናታችን ግን «ደህና ነው ብሎኛል» አልኳት።

አሁን ገበያ ካለው ጫማ ሠሪ አዲስ የጎማ ጫማ ላሠራልህ ነው። እግርህን በሲባጎ ለክተህ ላክልኝ። ሰውየው «ያንዱ እግር ልክ ይበቃል» ብሎኛል። ግድ የለም፣ አንተ የሁለቱንም ላክልኝ፤ የሁለቱም ልክ ሳይደርሰኝ ልቤ አያርፍም።

እናታችን ዱዓ ታደርግልሃለች። ደጃችንን ለመርገጥ አላህ ያብቃህ።

እህትህ ዚነት