ይወጣል ስለተባለው ሥርዓትና መውጣት ስላቆመው ድምፅ

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ያካፋል። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ በክፍሉ ውስጥ ያለነው ዓይኖቿ የጠፉባት እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ እኔ፣ እንዲሁም በመልካም ፈቃድዎ የተላከልን አዲሱ ኮምፒውተር ነን።

ለተከበሩ የድጋፍ መሣሪያዎች ግዢ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? በተለይ ስለ ጉሮሮዎ አስባለሁ። ሳል ቢይዝዎም ሳል ብቻ ሆኖ እንዲያልፍ፣ ሥራ ውለው ቤትዎ ሲገቡም ከበሩ ላይ የልጆችዎን ስም በገዛ ድምፅዎ እንዲጠሩ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ በአንድ ላውንደሪ ውስጥ ተኳሽ ነኝ፤ የምተኩሰው ልብስ ስለሆነ አይስጉ። ፊደል የለየሁት ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ በመሆኑ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ የሚመሰገን ሰው በአደባባይ ይመስገን ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ወንድሜ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሠራተኛ ነበር። የሚነሳውን አውቶቡስ፣ የጠፋውን ልጅ፣ የተረሳውን ሻንጣ በድምፅ ማጉያ የሚያስታውቀው እሱ ነበር። ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ ተገኘና ሐኪሙ ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና መውጣቱ እንደማይቀር ነገረን። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ነገር ግን አስቀድሞ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ብዙ ዓረፍተ ነገር ካነበበ፣ ማሽኑ ድምፁን ይማርና ወደፊት እሱ የሚጽፈውን በእሱው ድምፅ ይናገርለታል ተባለ። ለማያይ እናት ልጅ ማለት ድምፅ ነውና በዚህ ተስፋ ተጽናናን። ማሽኑን የሚሰጠው የእርስዎ ክፍል ነበር። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ። ወንድሜና እኔ ቢሮዎ በመጣን ጊዜ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር ከመስኮቱ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እርስዎ ግን አዲስ ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያዝዘው ዋናው ፕሮግራም፣ በቅርቡ ሊወጣ ስለሆነ ዛሬ የሚሰጥ ዕቃ ነገ ያረጃል፣ አዲሱ ሲወጣ እሱን የያዘ እንገዛለን፣ ለታመመ ሰው አሮጌ መስጠት ነውር ነው ብለው በደግነት አስረዱን። ወንድሜ በዚያ በሻከረ ድምፁ «ጌታዬ፣ እኔም እኮ አዲስ አይደለሁም፤ ከማሽኑ ጋር አብረን እናረጃለን» ቢልዎ ስቀው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ «ወንድሜ፣ ድምፅህን አታድክም፣ ቆጥበው» ብለውም መከሩት። ደረጃውን ስንወርድ ወደ እኔ ዞሮ «ለመቼ?» አለኝ። መልሱ እርስዎ ዘንድ ካለ ዛሬም ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ እናቴን ስላሳቁልኝ። ቤት ገብተን ሥርዓተ ክወና እየጠበቅን ነው ብንላት ጥቂት አሰበችና «እኔ የማውቀው ሥርዓተ ጋብቻና ሥርዓተ ቀብር ነው፤ ልጄ የትኛውን ነው የሚጠብቀው?» አለች። እሱም «የጋብቻውን ነው እማዬ፤ ሙሽራዋ ገና አልወጣችም እንጂ» አላት። «አንተ ቀልማዳ! ስትወጣ እኔ መርጬ ነው የምድርህ» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። በቤታችን ሁለቱ ሲሳሳቁ የሰማሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። ሥርዓቱ በእርግጥም ወጣ። ጸሐፊዎ በስልክ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ወጣ!» ስትለን ላውንደሪው ውስጥ ያለነው ሁሉ አጨበጨብን። እርስዎ ግን የመጀመሪያው እትም እንከን አያጣውም፣ ማስተካከያው ይውጣና ይገዛል አሉ። ማስተካከያው ሲወጣ ደግሞ ድምፅ የሚማረው ፕሮግራም ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ገና አልተስማማም፣ የሚስማማው ይውጣ ተባለ። እስከዚያ በስልክ እንቅዳው ብንል፣ ፕሮግራሙ የሚቀበለው በራሱ የተቀዳውን ብቻ ነው ተብለን ተመለስን። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን እንኳ ስጡን ብንል ደግሞ ያ ዕቃ ከአገልግሎት ሊወጣ ነው ተባልን። በቢሮዎ የማይወጣ ነገር አልነበረም። ወንድሜ በየቀኑ ይበልጥ እያንሾካሸከ ሄደ። እኔም ሐኪሙን ጥቂት እንዲታገሠን ለመንኩት፤ «እኅቴ፣ ዕጢ ኮምፒውተር አይጠብቅም» አለኝ። እንደ እርስዎ አርቆ አሳቢ ስላልሆነ አልፈርድበትም። ከሚስማማው ፕሮግራም በፊት የወንድሜ ማንቁርት ወጣ።

አራተኛ፣ ስለ ቀለሙ። ብርማ ነው፤ ያምራል።

አምስተኛ፣ እንግዳ ስለላኩልን። ኮምፒውተሩ የደረሰን ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ አንገቱ ላይ ያለው ቁስል መድረቅ ሲጀምር ነው። ስንከፍተው ስክሪኑ ላይ «እንኳን ደህና መጡ። ለመጀመር እባክዎ በተለመደው ድምፅዎ ይናገሩ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወንድሜ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበውና ክዳኑን ልጅ የተኛበት ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኋላ ከእርስዎ ክፍል የመጣ ባለሙያ፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ የአንድ የማናውቀው ሰው ድምፅ እንዳለ አሳየን። ጥሩ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የተማረ ሰው ድምፅ። ወንድሜ መጀመሪያ የጻፈው «እማዬ» የሚል ነበር። ማሽኑ «እማዬ» ሲል እናቴ ደንግጣ «እንግዳ ሲመጣ አትነግሩኝም? ሻሼን እንኳ ሳላስር!» አለችን። ልጅሽ ነው፣ በማሽን ነው የሚናገረው ብለን አስረዳናት። ገብቷታል፤ እናቴ ሞኝ አይደለችም። ሆኖም ማሽኑ ቀጥሎ «እንዴት አደርሽ?» ሲላት ቀና ብላ ተቀመጠችና «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አለችው። ክቡር ሆይ፣ አንተ ቀልማዳ፣ አንተ ምላሳም እያለች ያሳደገችውን ልጇን እርስዎ አለችው። አንተ ለማለት ስትሞክር አያለሁ፤ አፏ ላይ ትደርስና ታፍራለች። ለማታውቀው ሰው ድምፅ አንተ ማለት ከየት ይምጣላት? አንቱታ ለእናንተ ለባለሥልጣናት እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ በገዛ ቤታችን ለወንድሜ ይደርሰዋል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ክቡር ሆይ፣ ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እርግማን አውቃለሁ፣ ረግሜም እገላገል ነበር። ነገር ግን እርስዎ መልካሙን ነው የተመኙልን፤ ያንን ዓይኔ አይቷል። የሚሻለውን ሲጠብቁልን የሚበቃን አለፈን እንጂ በእርስዎ በኩል የጎደለ ቅንነት የለም። ታዲያ ከምስጋናው ሁሉ መካከል አንድ ልመና ልሰንቅር። በኮሪደርዎ ከእኛ ጋር ተራ የሚጠብቅ አንድ አናጺ ነበር። እሱም የወንድሜ ዓይነት ሕመም ነው ያለበት፤ ባለፈው ስንገናኝ ድምፁ ገና ነበረ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ካርቶን እስካሁን ካልተነሳ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ይክፈቱለት። ያርጅበት፤ ግድ የለም።

ለሚቀጥለው እትም ሁሉ ዕድሜና ትዕግሥት እንዲሰጥዎ፣ ወንበርዎም እንዳይጎረብጥዎ እየተመኘሁ፣ በቆምኩበት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
የመናኸሪያው ሠራተኛ ታላቅ እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ አድሮ ዓርብ ጠዋት ሆነ። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩና ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ «የተሻለ እትም ወጥቷል። አሁን ይጫን ወይስ በኋላ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከእርስዎ ክፍል በመጣ ነገር አሁን ወይስ በኋላ ተብለን ስንጠየቅ የመጀመሪያችን ነውና ለማሽኑም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። «በኋላ» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ የሰውየውን ድምፅ ዘጋሁት። ወንድሜ «እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» ብሎ ጻፈ፤ አጠገቡ ተቀምጬ ለእናቴ አነበብኩላት። እናቴ ፊቷን ድምፄ ወደመጣበት፣ ወደ እኔ አዙራ መለሰች። ወንበሬን አነሳሁና ከወንድሜ ጀርባ አስቀመጥኩት፤ ቀጥሎ የጻፈውን ከዚያ ሆኜ አነበብኩ።