የተቀደደው ከበሮና የአቶ ገብረክርስቶስ ዘለቀ ሕይወት (1951–2018 ዓ.ም.)

አቶ ገብረክርስቶስ ዘለቀ በ1951 ዓ.ም. በአርጆ ከተማ ሲወለዱ በአርጆ ከበሮ የሚሠራ ሰው አልነበረም። የአብያተ ክርስቲያናቱ ከበሮ ከጎጃም በበቅሎ ይመጣ ነበር፤ ሲላላም ፀሐይ ላይ ከማስጣት ሌላ መላ አልነበረም። አባታቸው መሪጌታ ዘለቀ ተገኝ ከጎጃም መጥተው በአርጆ ያገለገሉ ሲሆን፣ እናታቸው ወ/ሮ ሸዋጌጥ አስናቀው ይባላሉ።

ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በአርጆ ተከታትለዋል። በ1969 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ መጥተው በአናጢነት ተቀጠሩ። የመጀመሪያውን ከበሮ የሠሩት በ1974 ዓ.ም. ነው። ግንዱን የሚመርጡት በጣታቸው አንኳኩተው ነበር። አንዱን ግንድ ለምን እንደጣሉት ሲጠየቁ «አልወደድኩትም» ከማለት በቀር አያስረዱም ነበር፤ ይህም ብዙ ሰው አስቀይሟል። ሆኖም ወደው የሠሩት ከበሮ ተመልሶ አልመጣባቸውም።

በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሆሳዕና ቀነአ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው እምነትንና አላዛርን ወልደዋል። የባለቤታቸው ወንድም አቶ ሞረዳ ቀነአ በዚያው ዓመት የሥራ ሸሪካቸው ሆኑ። አቶ ገብረክርስቶስ ይሠራሉ፣ አቶ ሞረዳ ደንበኛ ያመጣሉ። እንዲህ ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠሩ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከወሎ መጥተው በቆላው አንገር ጉቲን የሰፈሩት ሰዎች ለቤተ ክርስቲያናቸው ትልቅ ከበሮ አዘዙ። ቆዳው በነሐሴ ተወጠረ። አቶ ገብረክርስቶስ መትተው ካዳመጡት በኋላ፣ ድምፁ ባያስነቅፍም እጃቸው እንዳልተቀበለውና እስከ ኅዳር ቢቆይ እንደሚሻል ተናገሩ። አቶ ሞረዳ ግን ለመስቀል ቀጠሮ ሰጥተው ነበር። አማቻቸውን በሠራተኞች ፊት በኦሮምኛው የአማች መጠሪያ ጠርተው፣ «ሶዳ፣ ልብህ የነገረህን ለልብህ ንገረው። ሰዎቹ ያዘዙት ከበሮ ነው እንጂ ጥንቆላ አይደለም» አሏቸው። ሰው ሳቀ። ከበሮው ተላከ። አቶ ገብረክርስቶስ እስከ መጨረሻው የሚጸጸቱት ያን ዕለት ዝም በማለታቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ጥምቀት ታቦቱ ከወንዝ ሲመለስ ከበሮው በሕዝብ መካከል ተቀደደ። የአንገር ጉቲን ወጣቶች ወንፊት የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም ነቀምቴ ገበያ ድረስ ደረሰ። አቶ ሞረዳ በየአጥቢያው እየዞሩ ጥፋቱ የሠሪው እጅ እንጂ የቀጠሮው እንዳልሆነ አስረዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። የሥራ ቤቱ መሃል ለመሃል በቆርቆሮ ተከፈለ። ወ/ሮ ሆሳዕና ምሳ ለወንድማቸው በፊት በር፣ ለባለቤታቸው በጓሮ ያደርሱ ነበር።

አቶ ገብረክርስቶስ የተቀደደውን ከበሮ አስመልሰው ፈቱት። ቅዱ የጀመረው ከሚመታው መሃል ሳይሆን ጠፍሩ ከሚገባበት ቀዳዳ ነበር። በነቀምቴ ክረምት እርጥበት ጠጥቶ የተወጠረው ቆዳ በቆላው በጋ ተኮማትሮ ራሱን በራሱ ቀድዷል። እጃቸው በነሐሴ ያወቀውን እሳቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ቀጥለው አላልተው የወጠሩት ሌላ ከበሮ ደግሞ ድምፅ አልወጣውም። ሁለቱንም ደንበኛ በሚገባበት በር ላይ ሰቀሏቸው። የሚያሽሟጥጣቸውን ሰው፣ «የማይቀደድ የሚፈልግ በርሜል ይግዛ» ይሉት ነበር። ብዙዎቹ ከቆርቆሮው ማዶ፣ አቶ ሞረዳ ከቀጠሩት ሌላ ሠሪ ገዙ።

ለአንገር ጉቲን ምትኩን በነጻ ልሥራ ብለው ቢልኩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ስማቸው በደጁ እንዳይነሳ ከለከለ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ለምትኩ የቦረቦሩትን ግንድ አስጭነው ሳይጠሩ ወረዱ። ይህም ካልሆነ ከበሮ ዳግመኛ እንደማይሠሩ ለባለቤታቸው ተናግረው ነበር። ማደሪያ የሰጣቸው ሰው አልነበረም፤ ኋላ ግን እህል ነጋዴው አቶ አሊ ይመር አስጠጓቸው። አቶ አሊ፣ «አያ ገብሬ፣ የአምናው ስድብ አነሰህና መጣህ?» ሲሏቸው፣ «ቆዳው አገሩን ይልመድ ብዬ ነው» ብለው መለሱ። የዚያኑ አገር በሬ ቆዳ ገዝተው፣ በዚያው አየር እያደረቁ፣ እጃቸው እሺ እስኪላቸው ደጋግመው እየፈቱ ወጠሩ። ኮሚቴው ከበሮውን የተቀበለው ጥምቀት ደርሶበት ሌላ ስላልነበረው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልጠበቁም።

ከዚያ በኋላ የሲሬን በሲሬ፣ የአርጆን በአርጆ ወጥረዋል። የተጣደፈ ደንበኛንም ወደ ቆርቆሮው ማዶ እየጠቆሙ አሰናብተዋል።

«ከሰው ሁሉ ጋር ተግባብተው የኖሩ» የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ እንዳይገባ ራሳቸው አዘዋል፤ እውነትም አይደለም። አቶ ሞረዳ በሕመማቸው ጊዜ ሊጠይቋቸው በመጡ ዕለት እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ቆርቆሮው ከሞታቸው በኋላም እንዳይነሳ ተናዘዋል። አቶ ሞረዳ ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ስለሚገኙ ኑዛዜውን በዚሁ እንዲሰሙት ሆኗል።

አቶ ገብረክርስቶስ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ከማይሳሳተው በቀር ያልተሳሳተ የለምና፣ እርሱ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ቤተሰባቸውንም ያጽናልን።

የአንገር ጉቲኑ ከበሮ፣ መንገድ ተዘግቶ ታቦት ካልወጣባቸው ዓመታት በቀር፣ በየጥምቀቱ ተመቷል። ቆዳው በ2000 ዓ.ም. የተወጠረው ነው፤ ስንጥቅ የለውም።