አቶ ሣህሉ ወልደሚካኤል እና በአደራ የያዙት ድምፅ

አቶ ሣህሉ ወልደሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደሚካኤል ይርሳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ እቴናት ጎበና በወሎ ጠቅላይ ግዛት በወረኢሉ ከተማ በጥር ወር 1899 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ዜማ ጀመሩ። ድጓውን ግን አልጨረሱትም። የደብሩን ካህናት በየድምፃቸው እያዜሙ ተማሪውን በሳቅ ይፈጁት ስለነበር መሪጌታ ራሳቸው ከጉባኤ አስወጧቸው። የአባታቸውን ሳል እንኳ ሳያስመስሉ አላለፉም ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ ያልሳቁት ወይዘሮ እቴናት ብቻ ነበሩ። «የሰው ድምፅ የሰው ገንዘብ ነው፤ አንድ ቀን ትወስድና መመለሻው ይጠፋሃል» እያሉ ይቆጡ እንደነበር ታናሽ ወንድማቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ በጆሮው ሰምቷል።

በ1922 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው በንግድ ቤቶች በግምጃ ቤት ሠራተኛነት አገለገሉ። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። ዋና ሰው ሆነው ተጫውተው አያውቁም። ቁመታቸው አጠር ያለ ነበር፤ ጠጉራቸውም በጊዜ ተሰናብቷቸዋል። መላጣቸውን ዳበስ እያደረጉ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይሉ ነበር። ድርሻቸው ሽማግሌ፣ ዳኛ፣ ነገረኛ ባላገር፣ ከሁሉም ይልቅ ሟች ነበር። ተመልካች የዋናውን ሰው ስም ረስቶ የሣህሉን አሟሟት እያወራ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በትርኢቱ መካከል መጋረጃ ሲዘጋም በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ይዘፍኑ ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉመቤት አሥራት ጋር ጋብቻ መሥርተው ብርቅዬንና ወልደየሱስን ወልደዋል።

በ1945 ዓ.ም. ለወደቡ መጋዘን ኃላፊነት ተመድበው ከነቤተሰባቸው ወደ አሰብ መጡ። ሰው ሙቀቱን ሲያማርር እርሳቸው መምህራኑንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ሰብስበው የቴአትር ቡድን አቋቋሙ። ፊት ላይ የተቀባው ቀለም ትርኢቱ ሳይጋመስ አንገት ላይ ይደርስ እንደነበር ያዩ ሁሉ ያስታውሱታል። በዚያ ቡድን ውስጥ የአገራቸው ልጅ የሆኑት የጉምሩክ ጸሐፊ አቶ ይመር ነበሩ። የአቶ ይመር ድምፅ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲዘፍኑ ሣህሉ መሬቱን፣ ይመር ጣራውን ያዙ ይባል ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ጥር ወር አቶ ይመር ለሥራ ወደ ዒድ ወደብ በሳንቡክ ጀልባ ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ ነፋስ ተነሣ። ከቀናት በኋላ የበይሉል ዓሣ አጥማጆች የሳንቡኩን ሳንቃ ከባሕሩ ዳር ለቅመው አመጡ፤ ሰው ግን አላገኙም። የአቶ ይመር ባለቤት ወይዘሮ ላቀች ድንኳን ተጥሎ፣ ለቀስተኛ ሞልቶ፣ አንዲት ዘለላ እንባ ሳያፈስሱ በራቸውን ከፍተው የባሕሩን መንገድ እያዩ ተቀመጡ። እህልም ውኃም እምቢ አሉ። ሽማግሎች ፈሩ። አስከሬን ሲጠፋ የሟች ልብስ ወጥቶ እንደሚለቀስ በአገር ቤት የታወቀ ነው፤ ለወይዘሮ ላቀች ግን የተሰቀለ ልብስ አልበቃቸውም። ስለዚህ ሽማግሎቹ ወደ አቶ ሣህሉ መጥተው «ጋሽ ሣህሉ፣ የይመርን ኮት ለብሰው አንድ ጊዜ በድንኳኑ ይለፉላት። ታልቅስና ይውጣላት» ብለው ለመኑ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ነገሩን አልወደዱትም። አቶ ሣህሉ ግን ጓደኛቸውን ይወዱ ነበርና እሺ አሉ።

የአቶ ይመርን ኮትና ባርኔጣ አድርገው፣ ቀኝ ትከሻቸውን እንደ ጓደኛቸው ዘንበል አድርገው ገቡ። አጭሩ ሰውዬ ረዝመው የታዩአቸው ብዙዎች ናቸው። ከዚያም በአቶ ይመር ድምፅ እንዲህ አሉ፦

ባሕር ወሰደኝ በይ፣ በደኅና ሰንብቺ፤
ድምፄንም ብትሰሚ በሩን አትክፈቺ።

ወይዘሮ ላቀች ጮኸው ወደቁ። እስኪበቃቸው አለቀሱ፤ ማታ እህል ቀመሱ፤ በራቸውንም ዘጉ። ሽማግሎቹ አመሰገኑ። አቶ ሣህሉ ግን ለወንድማቸው «የመጀመሪያውን ስንኝ እኔ ደረስኩት። ሁለተኛውን አላሰብኩትም፤ አፌ ውስጥ አገኘሁት» ብለዋል።

ቤታቸው ገብተው «እንደምን ዋላችሁ» ያሉት በአቶ ይመር ድምፅ ነበር። ወይዘሮ ሙሉመቤት ቀልድ መስሏቸው «ኮቱን እንዳወለቁት ድምፁንም ያውልቁት» አሏቸው። አቶ ሣህሉ ሞከሩ፤ አልወለቀም። በማግሥቱም በሳምንቱም አልወለቀም። ያ ወፍራም ድምፃቸው የት እንደገባ ጠፋ። የወደቡ ዘበኞች ከመጋዘን ውስጥ የሟቹን ድምፅ ሲሰሙ መንገድ ይለውጡ ጀመር። ትርኢቱም ቆመ። አቶ ሣህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው ዝምተኛ ሰው ሆኑ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር፣ በቀትር፣ አሰብ በሯን ዘግታ በተኛችበት ሰዓት፣ ባለሱቁ ሐጂ ሰዒድ ሱቃቸውን ሊቆልፉ ሲሉ አቶ ይመርን ከፊታቸው ቆመው አገኟቸው። ከስተዋል፤ ጠቁረዋል። ሐጂ ሰዒድ የአቶ ሣህሉ ጨዋታ ስለመሰላቸው ተቆጡ። «ጋሽ ሣህሉ፣ አላህን ይፍሩ። አንድ ጊዜ ለልቅሶ ነው ብለን ዝም አልን። በሙት ሁለት ጊዜ አይቀለድም» አሉ። አቶ ይመር አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። በዚያው ቅጽበት አቶ ሣህሉ ለምሳ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በማዕዘኑ ብቅ አሉና «ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ» አሉ። የሐጂ ሰዒድ ቁልፍ ከእጃቸው ወደቀ። አቶ ይመር የራሳቸውን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ።

ነገሩ በኋላ ታወቀ። ሳንቡኩ ሲሰበር አቶ ይመር ሳንቃ ላይ ተጣብቀው የየመን ዓሣ አጥማጆች አንሥተዋቸው ኖሯል። በማዶ በንዳድ ተይዘው ከርመው ሲነሡ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። አሰብ እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደው በሩን መትተዋል። ወይዘሮ ላቀችም በቀዳዳ አይተው፣ በቀትር የሚመጣ ጋኔን ነው ብለው፣ ያንን ስንኝ በበሩ ማዶ እየደገሙ መወርወሪያውን አጠበቁ።

አቶ ሣህሉ ጓደኛቸውን እጃቸውን ይዘው ወደዚያ በር ሄዱ። «ላቀች፣ ክፈቺ፤ ይመር በሕይወት አለ» አሉ። ድምፁ ግን የይመር ነበር። ከውስጥ «ድምፁንም ብትሰሚ አትክፈቺ ብሎኛል» የሚል መልስ መጣ። ደጋግመው ለመኑ። በለመኑ ቁጥር ሴቲቱ ይበልጥ ፈሩ፤ በመጨረሻም ዕቃ ወደ በሩ ሲጎትቱ ተሰማ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንድ ሕያው ሰው በአንድ ስንኝ ከገዛ ቤቱ ተቆልፎበት ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ጎረቤት ሁሉ በየመስኮቱ እያየ አንድም ሰው ወደ ውጭ አልወጣም።

አቶ ሣህሉ ያን ጊዜ ደፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። በመድረክ ስንት ጊዜ በሰው ድምፅ አልቅሰዋል፤ የእውነት ልቅሶ ግን በሰው ድምፅ አይለቀስም። ያ የጠፋው ወፍራም ድምፅ ከሆዳቸው ወጣ። «ላቀች፣ እኔ ሣህሉ ነኝ። ያን ስንኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባልሽ አላለውም» አሉ። ከውስጥ ዕቃው ሲነሣ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ላቀች ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አዩ፤ ከዚያም የባላቸውን ፊት በሁለት እጃቸው እየዳሰሱ ወደ ውስጥ አስገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሣህሉ በራሳቸው ድምፅ ተናገሩ፤ አልዘፈኑም። የአቶ ይመር ድምፅ ግን ያን ጊዜ አልተመለሰም። አቶ ሣህሉ በእንቅልፋቸው በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ሲያዜሙ ወይዘሮ ሙሉመቤት ብዙ ጊዜ ሰምተዋል፤ ሲቀሰቅሷቸው «አደራ ነው፤ የት እንደማስረክበው አላወቅሁም» ይሉ ነበር። እነዚያ ዓመታት ለሁለቱም ቤት ከባድ ነበሩ። አቶ ይመር ማታ ማታ እየመጡ ከጎናቸው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ቂም አልነበራቸውም።

አቶ ሣህሉ በ1951 ዓ.ም. መግቢያ የጉሮሮ ሕመም ያዛቸው። በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ሕክምና ቢደረግላቸውም ስላልተሻላቸው አሰብ ልሙት ብለው ተመለሱ። መጋቢት 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚያው ሰዓት አቶ ይመር በቤታቸው ተቀምጠው ሳሉ በዚያ በቀጭኑ ድምፃቸው «ላቀች፣ ሣህሉ ሄደ» አሉ። መርዶ ነጋሪው ገና መንገድ ላይ ነበር። ወይዘሮ ላቀች ይህን ሲሰሙ ተነሥተው በሩን ከፈቱት፤ እስከ አሁን አልዘጉትም።

አቶ ሣህሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉመቤትን፣ ልጆቻቸውን ብርቅዬንና ወልደየሱስን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም እጅግ የሚወዷቸውን ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። የአቶ ሣህሉ ኮት ሬሳ ሣጥኑ ላይ ተዘርግቷል፤ በኑዛዜያቸው መሠረት ማንም አይለብሰውም።

ይህ ንባብ ሲያበቃ የስንብቱን ዜማ የሚያሰሙት አቶ ይመር ናቸው። ድምፁን ብዙዎቻችሁ በዚያ ድንኳን ከአቶ ሣህሉ አፍ ሰምታችሁታል። ቤተሰቡ የሚለምናችሁ እንዳትደነግጡ ነው። ስትሰሙት ወደ ሣጥኑ አትዩ፤ ድምፁ ከባለቤቱ ነው የሚወጣው፤ አደራው ተመልሷል።

ለወንድማችን ለሣህሉ እግዚአብሔር ደጁን ይክፈትለት። በማን ድምፅ ቢጣራ እርሱ ያውቀዋል።