ባለጫማው ፈረሰኛ፦ የአቶ ኃይለመስቀል ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ከዚህ ጽሑፍ ጋር የተያያዘውን ፎቶግራፍ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያስረው ጠፍር ገና በላላው በመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ እንደ ተያዘ ያያል። ቦራ የተባለው ይህ ፈረስ ሲጫን ሆዱን የመንፋት አመል ነበረው። ጥቂት አራምደውት ትንፋሹን ሲለቅ ጠፍሩ እንደ ገና መጥበቅ ነበረበት። ፎቶግራፉ የተነሣው ቅዳሜ ጥር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ጠዋት በአሰላ የጉግስ ሜዳ ነው። ቤት የደረሰው ግን ትናንት፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

አቶ ኃይለመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ በአርሲ፣ በጢቾ፣ ኅዳር 12 ቀን 1927 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ጢቾ ከመሪጌታ ዘንድ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ወደ አሰላ ሲዛወር ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። በትምህርታቸው ጎበዝ ስለ ነበሩ አባታቸው ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዙላቸው።

በ1944 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ይህንኑ ጫማ አድርገው ጉግስ ገቡ። የአገራችን እርካብ በባዶ እግር አውራ ጣት የሚያዝ ጠባብ ቀለበት ነው። እሳቸው የጫማቸውን አፍንጫ አስገድደው ሰኩት። ከሚያባርራቸው ሰው ዘንግ ሊያመልጡ ሲዞሩ ወደቁ፤ ጫማው ግን ከእርካቡ አልወጣም። የደነበረው ፈረስ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጎተታቸው። የራስ ቅላቸው ቆዳ በድንጋይ ተገሸለጠ፣ ሁለት የፊት ጥርሳቸው ረገፈ፣ የትከሻቸው አጥንት ተሰብሮ ሥጋቸውን ቀዶ ወጣ። ፈረሱ የቆመው ጎኑን በጦር ሲወጉት ነው።

ከዚያ ወዲያ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ላብ ያጠምቃቸው ነበር። በበረቱ በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ ነበር። እኩዮቻቸው «የቄስ በቅሎ እናምጣልህ?» እያሉ ተዘባበቱባቸው። እናታቸው ግን በልባቸው ተመስገን አሉ። በፈረስ የሚሞት ልጅ የላቸውማ።

በ1946 ዓ.ም. በጎበሳ በኩል ፈረስ በማርባት የታወቁት የአባታቸው ወዳጅ አቶ ሀሰኖ ቱሳ ለእንግድነት መጡ።

«ባለጫማው የት አለ?» ብለው አስጠሩዋቸው። «ስትወድቅ አይቼሃለሁ። አወዳደቅህ ደህና ነው፤ የቀረህ አወጣጡ ነው።»

ወይዘሮ አልጣሽ ከጓዳ ብቅ ብለው «አቶ ሀሰኖ፣ ልጄን ሊገድሉብኝ ነው የመጡት?» ቢሉ፣

«እኔ አልገድለውም፣ እሜቴ። እርስዎ ግን እቤት አስቀምጠው ሊያሻግቱት ነው» አሏቸው።

አቶ ሀሰኖ ወደ አገራቸው ይዘዋቸው ሄዱ። መጀመሪያ ፈረስ አላስወጧቸውም። ጨው በመዳፋቸው ይዘው እንዲያስልሱት ብቻ አደረጉ። ቀጥለው ጫማቸውን አስወልቀው፣ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ አስቀምጠው በገመድ ይስቡላቸው ጀመር። ሲፈሩ «ኮቱ!» ይሏቸዋል፤ ና እንጂ፣ ማለታቸው ነው። «ፈረስ በአውራ ጣት ነው የሚያዝ። ሌላው ገላህ ይንቀጥቀጥ ግድ የለም፤ ጣትህ ከጨበጠ ይበቃል።» አንድ ቀን በመንደርተኛው ፊት ጭቃ ውስጥ ተደፉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ሀሰኖ «ጥርስህን ቁጠር፣ ባለጫማው! የቀሩት ሞሉ? እንግዲያው ውጣ» አሏቸው።

ወጡ። ልባቸው የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ክረምት ሲገባ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል፤ ጥቢ ሲመጣ ያው ከጨው ማስላሱ ይጀምራሉ። በሁለተኛው ዓመት ቦራ ገና ውርንጭላ ሳለ ተሰጣቸው፤ ራሳቸው ገሩት።

ቁስል በሚያክም የሐኪም ረዳትነት፣ በድሬሰርነት፣ ሠልጥነው ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በአሰላ ሲያገለግሉ፣ መኪና በማይገባበት አገር ሁሉ የሚላኩት እሳቸው ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. ክረምት በሮቤ ገበያ በተነሣ ጠብ አንድ ሰው ሆዱን በጦር ተወግቶ አንጀቱ እንደ ወጣ ተነገራቸው። መንገድ ላይ ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። የመድኃኒቱን ሣጥን በራሳቸው ላይ አስረው ገቡ። አንድ ግንድ ቦራን ደረቱ ላይ መትቶ ቢያሰጥመውም ጋማውን ሳይለቁ አብረው ወጡ። ቁስለኛው ተሰፍቶ ዳነ። ሲመለሱ እናታቸው እያለቀሱ «አልፈራህም?» አሏቸው። «እኔ ፈርቼ ነበር፣ እማዬ። አውራ ጣቴ አልፈራም» ሲሉ መለሱ።

ወይዘሮ አልጣሽ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሬሳ መጣ የሚሉ እናት ናቸው። ልጃቸው ከመንገድ ሳይገቡ የቤቱን በር ቆልፈው ተኝተው አያውቁም።

አቶ ኃይለመስቀል በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፋናዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አይናለም የምትባል ሴት ልጅ ወልደዋል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ቦራን ጭነው ሊያራምዱት ሲሉ ፎቶግራፍ አንሺው ደረሰና «አንድ ጊዜ፣ ጌታዬ» አላቸው። ከኮርቻው ላይ ሆነው ፎቶግራፉን ተነሡ። ወዲያው ጨዋታው ተጀመረ፤ ጠፍሩ ሳይጠብቅ ገቡ። የሚያባርሯቸው አብሮ አደጋቸው አቶ ግዛቸው ነበሩ፤ «ባለጫማው፣ ዛሬ ጀርባህ የኔ ነው!» እያሉ ይከተሏቸዋል። አቶ ኃይለመስቀልም «መጀመሪያ ድረስብኝ!» እያሉ ጋሻቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። ዘንጉ ከአቶ ግዛቸው እጅ ሲወጣ ኮርቻው ወደ ጎን ዞረ። አቶ ኃይለመስቀል ከመሬት ሳይደርሱ ዘንጉ ጆሮ ግንዳቸውን መታ፤ ተከታዩ ፈረስም ረገጣቸው። ደም በጆሮና በአፍንጫቸው ፈሰሰ።

ርቆ የቆመ ሰው ያየው ሌላ ነው። የወደቀ ሰው በጉግስ አይመታም፤ ስለዚህ «የወደቀውን መታው!» ተብሎ ሜዳው በዱላ ተደባለቀ፤ ስንት ሰው ተፈነከተ። ታናሽ ወንድማቸው ፈቃደም ጠመንጃ አጉርሶ ግዛቸውን ፍለጋ ወጣ። አጥቶት ሲመለስ የጎረሰውን ጠመንጃ ከአልጋው ራስጌ አቆመው።

አቶ ኃይለመስቀል በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ሰኞ ነፍሳቸውን አወቁ። ቤተሰቡ በተሰበሰበበት፣ «ዘንጉ ከእጁ ሲወጣ እኔ ኮርቻ ላይ ነበርኩ። ጠፍሩን ያላጠበቅሁት እኔው ነኝ። ግዛቸውን እንዳትነኩ» አሉ። ፈቃደ ግን ታሞ የሚናገረውን ምን ታምናላችሁ ብሎ ወጣ። በማግስቱ ማክሰኞ ጥር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በተወለዱ በ27 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አስከሬናቸው ቤት ገባ።

ያን ዕለት ፎቶግራፉ መጣ። ጠፍሩን መጀመሪያ ያዩት ወይዘሮ ፋናዬ ናቸው። ለፈቃደ ሰጡት። እሱም ቀዳዳውን በጣቱ እየዳበሰ ብዙ ቆየ።

አቶ ኃይለመስቀል ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወላጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የሰውን ቁስል ሊሰፉ ፈረሳቸውን ከደጅ አቁመው እንደሚገቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ከድካማቸው አውርዶ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፋቸው። ይህን የሰማ ሁሉ በዚህ ሞት ምክንያት በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ ቤተሰቡ ይለምናል።

ትናንት ሲመሽ ወይዘሮ አልጣሽ በሩን መቆለፍ አልቻሉም። አቶ ግዛቸው ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ለይቅርታ ከአጥሩ ውጭ ተንበርክከው ነበር። ፈቃደ ጠመንጃውን ሲያነሣ እናቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የጠበቁት ተኩስ ነበር። የሰሙት ጥይቱ ከጠመንጃው ወጥቶ መደቡ ላይ ሲቀመጥ ነው። ፈቃደ ባዶ እጁን ወጣ፤ ድንጋዩን ከአቶ ግዛቸው አንገት አወረደ። «ተነሣ፣ ብርድ ነው፤ ግባ» ሲል ተሰማ። ሁለቱም ገብተው ከአስከሬኑ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ውጭ የቀረ ልጅ አልነበረም፤ ወይዘሮ አልጣሽ ተነሥተው በሩን ቆለፉ።