ጭራው ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዛሬም ጭራ ውስጥ ዋልኩ። የሰው ልጅ ቅዳሜ ፊልም ያያል፣ ይተኛል፣ ከጓደኛው ጋር ተጣልቶ ይታረቃል... እኔ ጭራ ውስጥ ነኝ።

አርጅቼ ከረሳሁት ይሄ ደብተር ያስታውሰኝ፦ አባዬ ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን እየሠራ ነው። መጫወቻ አይደለም። ሞተር ያለው፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ እውነተኛ። የጀመረው የወተት ጥርሴ ሲወልቅ ነው፤ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። መኪናችን ጋራዥ የሚባል ነገር መኖሩን ረስታለች። አንዱ ክንፍ ሳሎን ነው ያለው፣ ከሶፋው ጀርባ። እንግዳ ሲመጣ እማዬ መጋረጃ ጣል ታደርግበታለች። እንግዳው ግን ይጠይቃል።

የኔ ሥራ እንዲህ ነው። የአውሮፕላኑ ገላ ላሜራ ነው። ላሜራውን ከላሜራ የሚያያይዘው ሪቬት የሚባል አጭር የአሉሚኒየም ምስማር ነው። አባዬ ከውጭ በአየር መዶሻ ይመታዋል። ከውስጥ አንድ ሰው ድፍን ብረት ይደግፍለትና የምስማሩ ጫፍ ብረቱ ላይ ተደፍጥጦ ይቀራል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ጭራው ወደ ኋላ እየጠበበ ስለሚሄድ የሚገባበት ሌላ ሰው የለም። እማዬን ወገቧ ከለከላት። ጋሼን ሆዱ።

ጋሼ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማውን ጋራዡ በር ላይ ተክሎ ይቆጣጠራል። «የአውሮፕላኑ ግማሽ የኔ ነው» ይላል። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም። ሥራ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ የሌላኛው ግማሽ ነው።

እኔና አባዬ አንተያይም፣ ላሜራው መሃላችን ነው። ስለዚህ እሱ «ያዝሽው?» ይላል። እኔ «ያዝኩት» ካልኩ ይመታል፣ ካላልኩ አይመታም። ሕጋችን ይቺው ናት።

ዛሬ ስገባ ጥበቱ ትከሻዬን ያዘኝ። አባዬ አየኝና «አድገሻል» አለ። የሌላ ሰው አባት ይሄን ሲል ደስ ብሎት ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

አንገቴ። ክንዴ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጩኸት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ የሆነውን ለማንም አላወራም።

ጭራ ውስጥ ነኝ። ብረቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ላቤን እየጠረግኩ ነው። እማዬ ገበያ ልትወጣ ኖሮ ከበሩ ጮክ ብላ «ያዝሽው?» አለች። የቤቱን ቁልፍ ማለቷ ነው። ኪሴን ነካሁ፤ አለ። «ያዝኩት!» አልኳት።

አባዬ መታ።

ብረት የለም፣ ደጋፊ የለም... ላሜራው እንደ ሾርባ ማንኪያ ጎደጎደ። ከዚያ የአባዬ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፦

«ያዝኩት አልሽ እኮ።»

«ቁልፉን ነዋ።»

ጋሼ ከበርጩማው እስኪወድቅ ሳቀ። እማዬ «በገዛ ቤቴ አፌን ልለጉም?» ብላ ሄደች። ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ቤት መያዝ የሚባል ቃል ከአባዬና ከእኔ በቀር ለማንም አልተፈቀደም።

ላሜራው ይነሳል ማለት ነው። ማለትም ሪቬቶቹ አንድ በአንድ በትራፓኖ ተበስተው ይወጣሉ። ማለትም ስንት ቅዳሜ... አላስብም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

መብሳት ጀመርን። ትራፓኖው የአባዬ እጅ ላይ ይንሸራተታል። ቀዳዳው ክብ መሆን ሲገባው እንቁላል ሆኖ ይወጣል። «መብሻው ደንዝዟል» አለ። አዲስ ገጠመ። አሁንም እንቁላል። ጋሼ በእሱ ጊዜ ዕቃ እንዴት ጠንካራ እንደነበረ ማውራት ሲጀምር አባዬ ሌላ መብሻ እንዲገዛ ላከው። ለማባረር ነው።

ዘወር ስል አየሁት። በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ጨምቆ ይዟል። ሳየው ጊዜ ቀኙን ኪሱ ከተተው።

«ብርድ ነው» አለኝ።

እኔ በአንድ ቲሸርት ነበርኩ፤ ያውም አልቦኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

አባዬ እኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። የሱ ልጅ መሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ስለሱ ሌላ ቀን። በአንድ ነገር ግን የታወቀ ነው፦ ሰሌዳ ላይ ያለ ኮምፓስ፣ በባዶ እጁ፣ በአንድ ትንፋሽ ክብ ይስላል። ልጆቹ ያጨበጭቡለታል። እሱም የማይሰማ ይመስላል፣ ጆሮው ግን ይቀላል።

ዛሬ የዘጠነኛ ክፍሎች ሲያወሩ ሰማሁ። አባዬ አንድ ተማሪ አስነስቶ በገመድና በጠመኔ ክቡን አሳለው። «ኮምፓሱ ተበላሸ» ይላሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጥሩ ቀልድ ነው እኮ... እኔ ራሴ ብፈጥረው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ደወል እስኪደወል መጸዳጃ ቤት ቆሜ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ባትሪ ይዤ ገባሁ። ሥራውን ትቼ ሪቬቶቹን አየሁ።

የዱሮዎቹ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ናቸው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ የተሰለፉ። የዘንድሮዎቹ... አንዱ ወደ ጎን ተጋድሟል። ሌላው ግማሹ ብቻ ተደፍጥጧል። ላሜራው ላይ መዶሻው የሳተበት ጨረቃ የሚመስል ምልክት አለ። ከውጭ ያለውን አባዬ ሞርዶ ቀለም ሊቀባው ነው። ከውስጥ ያለውን የሚያየው ጭራ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ማለትም እኔ። ለካ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ፣ ሁልጊዜ ለመውጣት ስለምቸኩል አላየሁትም።

ሪቬቱስ ይቀየራል። የመጀመሪያው በረራ ግን? ሕጉ አብራሪው ብቻውን ይበራል ነው የሚለው፤ ማንም አብሮ አይሳፈርም። አባዬ የማብረር ፈቃዱን ያወጣው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ይቺን ቀን ነው የሚጠብቀው። ትራፓኖ የማይታዘዝለት እጅ ያን መሪ ይዞ እንዴት ያሳርፋል? ንፋስ ቢመጣስ?

ስወጣ «ውስጡ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጨለማ ነው» አልኩት።

እማዬ ከሰማች አውሮፕላኑ ያበቃለታል። ካልሰማች ደግሞ...

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለጋሼ ነገርኩት። አፉን ዘግቶ የማያውቅ ሰውዬ ዝም አለ።

እንደሚያውቅ ነገረኝ። አባዬ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መያዝ ከጀመረ ጀምሮ ያውቃል። ታዲያ ለምን አልነገርከውም ስለው ስለራሱ አወራኝ። ጡረታ የወጣው ደክሞት አልነበረም፤ ሲመሽ መንገዱ አይታየውም ነበር። ረዳቱ ያውቃል፣ ተሳፋሪው ያውቃል። አንድ ቀን ራሱ ፈርቶ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ወረደ።

«አንድ ሰው አልነገረኝም» አለ። «ሁሉም ያከብረኝ ነበራ።»

እሺ አንተ ንገረው አልኩት። «እኔ ስናገር ሬዲዮ የተከፈተ ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጭራ ውስጥ ሆኜ ነገርኩት። ፊቱን እያየሁ አልችልም ነበር።

«ያዝሽው?» አለ።

«አልያዝኩትም።»

ጠበቀ። ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ «አልያዝኩትም» አልኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«አባዬ፣ የምትመታው ጠማማ ነው።»

ለመዶሻው አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ብቻ ይጮሃል። ከዚያ አጠፋው። ላሜራው ላይ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«የትኛው?»

«የዘንድሮው በሙሉ።»

የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እናትሽ ታውቃለች ወይ አለኝ፣ አታውቅም አልኩት። ትምህርት ቤት ስላሉት ልጆችም ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። መልስ ነው።

«ውጪ» አለኝ።

ልወጣ ብል ትከሻዬ ተቀረቀረ። በሕይወቴ ትልቁን ቁም ነገር ተናግሬ ጭራ ውስጥ ቀረሁ! ጋሼ ሳሙና ይምጣ ይላል። አባዬ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቼን ያዘና መሳብ ጀመረ። ያኔ ተሰማኝ። እጁ እግሬ ላይ ይንቀጠቀጣል። መደበቂያ ኪስ የለውም። እኔም እግሬን አላንቀሳቀስኩም። እየጎተተ አወጣኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ጋራዡ ዝግ ነው። ጋሼ ያለቀኑ መጥቶ በርጩማውን በተዘጋው በር ፊት ለፊት አስቀመጠ። በሩን ይቆጣጠራል።

እማዬ «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ሁሌ እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ራሱ ነግሯታል። ሐኪም ጋ ሄዱ። ሁላችንም በየልባችን የፈራነው፣ ሰውን ቀስ በቀስ የሚያስረው የአንጎል በሽታ አይደለም። በዘር የሚመጣ፣ ዕድሜ ሲገፋ የሚብስ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሲሠራበት እንጂ ሲያርፍ የለም። መድኃኒቱ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እማዬ እንደነገረችኝ አባዬ ሲወጡ በር ላይ ቆሞ «አውሮፕላን ማብረርስ?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እማዬም ከጭንቀቷ የተነሳ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

እማዬ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እራት ላይ «ጨርሱትና ሌላ ሰው ያብረው» ብቻ አለች። «ሳሎኔን ነው የምፈልገው።» አባዬ ሳህኑን አይቶ አይቶ ተነሳ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ጠዋት ብርድ ልብሴን ገፈፈ። ጋራዡ ተከፍቷል። የአየር መዶሻውን እጄ ላይ አስቀመጠው። ይከብዳል፤ ያን ሁሉ ዓመት እንደዚህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

የተጎዳው ላሜራ ስለተነሳ በክፍተቱ ከሥር ክንድ ይገባል። እሱ መሬት ላይ ተንጋሎ ብረቷን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አስደገፈ፤ እንዲያ ሲጨብጣት አትነቃነቅም። እኔ መታሁ። ጠማማ። «አውጪና ድገሚ» አለ። ደገምኩ። «ድገሚ።»

እኔ ስንት ዓመት ሳልናገር ስይዝለት፣ እሱ በግማሽ ቀን አሰልቺ አለቃ ሆነ። ነገርኩት። ጋሼ «እሷ ልክ ናት» ሲል ሁለታችንም ዝም አሰኘነው።

የዘንድሮው በሙሉ ይወጣል።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ድገሚ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ዛሬ አንድም ጊዜ ድገሚ አላለኝም። ደክሞት ይሆን?

ክንፉ ከሳሎን ወጣ። እማዬ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆማ «ቀለሙ ምን እንደነበረ ረስቼው ነበር» አለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አውሮፕላኑ በጭነት መኪና የበረራ ሜዳው ደርሷል፤ ክንፎቹም ተገጥመዋል። ዛሬ አንዲት የበረራ አስተማሪ ልታየው መጣች። አጭር ሴትዮ ናት፣ አትስቅም። አባዬ ለአስተያየት ነው ብሎ ነው የጠራት። ስለ በረራው ግን እስከ ዛሬ ቃል አልተነፈሰም። እማዬ ስትጠይቀው ወሬ ይቀይራል። ሌሊቱን ሳይተኛ እንዳደረ ዓይኑ ያስታውቃል።

ሴትዮዋ እያንዳንዱን ብሎንና ዳዶ ነካች። መሪውን ወዲያ ወዲህ አለችው። በባትሪ ጭራውን አየች፤ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ዝም ብላ ወጣች። ዝም ማለቷ ጥሩ ነው አሉ።

ከዚያ «ማን ነው የሚያበረው?» አለች።

ጋሼ ጫማውን አየ። እማዬ እኔን አየችኝ። አባዬ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። አወጣው። ፊቷ ዘረጋው፣ እንደ ተማሪ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሁላችንም እያየን ነው፣ አልመለሰውም።

«እርስዎ ነዎት» አላት።

እሷም እጁን አየች፤ ከዚያ ጨበጠችው። እኔ አፈር የገባብኝ መስዬ ዓይኔን አሻሸሁ። በዚያ ሜዳ ላይ አቧራ የሚባል ነገር የለም፣ ሣር ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

በረረ።

በቃ፣ ይሄው ነው? ዕድሜዬን ሙሉ... ሮጠ፣ ነጠረ፣ ከዚያ ከሥሩ ብርሃን ታየ። ጋሼ ሳይሰማን የሚጸልይ መስሎት ጮክ ብሎ ጸለየ። አባዬ ሽቅብ እያየ ቆመ። ሴትዮዋ ስታሳርፈው ጎማው ሣሩን ሲነካ እሱ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ አብሮ ያረፈ ይመስል። ወርዳ ትንሽ ወደ ግራ እንደሚጎትት ነገረችው። ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ፤ የቱን ብሎን እንደማላላ በጣቱ አሳየኝ። ጣቱ ቦታውን ሊያገኝ ጊዜ ወሰደበት። ሴትዮዋም እኔም ጠበቅነው።

ስንመለስ እማዬ ነዳች። ሁለቱ ጡረተኞች... አንዱ ገና ነው፣ ግን ያስታውቅበታል... ከኋላ ተቀመጡ። ጋሼ ስለ ማረፉ ወቀሳ ጀመረ፤ በእሱ አስተያየት ፍሬኑ ዘግይቷል። መልስ ሲያጣ ዞር ብዬ አየሁ።

አባዬ ተኝቷል። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ራሱ መስኮቱ ላይ። ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተዘርግተዋል፣ መዳፋቸው ወደ ላይ፣ ፀጥ ብለው። እማዬ በመስታወቱ አየችውና ማርሽ ቀነሰች።

ጋሼ በሹክሹክታ «ቀስ በይ» አላት። እሷም ቀስ አለች።